ባሌን አትምረጡብኝ

ባለፈው ሐሙስ ከመቂ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተነፈሰና አዳማ መግቢያ ላይ አንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆመ። ሌላው ተሳፋሪ እየተነጫነጨ ባጃጅ ይዞ ሄደ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጎሚስታው ከጎማው ውስጥ ከመነዳሪውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ቀዳዳውን አገኘ፤ በሞረድ ፋቀና ማስቲሽ ቀባው። በቃ። ያ ሽታ አፍንጫዬ እንደገባ ጎማ የምጠብቅ አሮጊት ሽንኩርት ነጋዴ መሆኔ ቀረ። ባቡር ጣቢያው መንገድ ላይ፣ ጋሽ በንቲ ብስክሌት ቤት በራፍ ላይ ቆሜ፣ ስሙኒዬን በመዳፌ ጨብጬ፣ ቀዩ ብስክሌት እስኪመለስ የምቁነጠነጥ ኮረዳ ሆንኩ።

ያኔ ናዝሬት ነው የምንላት፤ የብስክሌትና የጋሪ ከተማ ነበረች። ሜዳ ስለሆነች ፔዳል ለመርገጥ ትመቻለች፤ የሚያስቸግረው ነፋሱና አቧራው ብቻ ነበር፣ እሱም ቀሚስ ለለበሰ ሰው። ስሙኒ ለግማሽ ሰዓት ብስክሌት ያስነዳል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም፤ ሽልንግ የያዘ ሰው ብስክሌት ነድቶ፣ ፓስቲ በልቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ለመልስም ይተርፈዋል። ዛሬ ሽልንግ ምን እንደሆነ ለልጆቼ ማስረዳት ደክሞኝ ትቼዋለሁ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ቀይ አበባ የሚያወጡት የድሬዳዋ ዛፎች ተደርድረው ነበር፤ ባቡሩ ሲመጣ ፓፓያ ሻጮቹ ከጥላው ሥር ተነስተው ይሮጣሉ። ከሙዚቃ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን እስከ ጋሪ ማቆሚያው ይሰማል። ዘፈኑ ሁሉ ስለ ፍቅር ነበር፤ ሰው ግን ሲሰማው ፊቱ ላይ የሚታየው ሌላ ሐሳብ ነው። አሁን እዚያ መንገድ ላይ ፎቅና መስታወት ነው ያለው። አንድ ቀን ቆሜ ብስክሌት ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር ልለይ ብሞክር አንድ ዘበኛ «እናት፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።

ጋሽ በንቲ ከዴራ በኩል የመጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ላይ ኦሮምኛቸው ጣል ጣል ይልበታል፤ እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ማስቲሽ የደረቀባቸው፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ስሙኒ የሌለው ልጅ ከመጣ ፊቱን ያዩና «ይሄኛው ብስክሌት ፍሬኑ ልክ መሆኑን ዞር ብለህ አይተህልኝ ና» ብለው ይሰጡታል። ፍሬኑ ልክ ነው፤ ማንም ያውቃል። ባለቤታቸው እትዬ እልፍነሽ የምንጃር ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከባላቸው ይልቅ የሚፈሩት እሳቸው ነበሩ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ደረጀ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ከታች የሰፋ ሱሪ፣ አፍሮ ጠጉር፣ ጠጉሩ ላይ የተሰካ ሚዶ። ብስክሌት መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያ ሰፈር ብስክሌት ላይ የወጣች ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እናቴ የሰማች ዕለት «ጉልበትሽን ለአገር እያሳየሽ» ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እኔ ምን ገዶኝ። ከኮርቻው ጀርባ ይዞ እየሮጠ «አልለቀቅሁም፣ አልለቀቅሁም» ሲለኝ ዞር ብዬ ሳይ ከጣቢያው በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ለካ ከለቀቀ ቆይቷል።

የጀመርኩት ስለ ምርጫ ላወራ ነው። የቀበሌ ምርጫ። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ሁሉም ዓመት አንድ ዓይነት ካኪ የለበሰበት ጊዜ ነበር። የፊተኛውን ሊቀመንበር አንድ ቀን በመኪና መጥተው ወሰዱት። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ራሱም ሰው ሲያስወስድ ኖሮ ስለነበር ያዘነለትም አልነበረም። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ አንድ እሁድ ጥቆማ ይካሄዳል፣ በሚቀጥለው እሁድ ከተጠቆሙት መሃል ሊቀመንበሩ ይመረጣል። ስብሰባው ድሮ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን በነበረው አዳራሽ ነው። የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ይጫናል፤ የድሮው ማሽላ ሽታ ገና ከግድግዳው አልወጣም። ከላይ የተላከው ካድሬ «ጓዶች፣ ጥቆማ» አለ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ ጥላዬ የሚባል ሰው ነበር፣ ሥልጣን እንደ ስኳር የሚጣፍጠው፤ እሱን የሚስቱ ወንድም ጠቆመው። ሌላ አንድ የታመሙ ጡረተኛ ተጠቆሙ። ካድሬው «አንድ ይቀራል» አለ። ያን ጊዜ ጋሪ ነጂው ሁሴን ተነሳ።

«እኔ ጋሽ በንቲን እጠቁማለሁ» አለ። «ፈረሴ እንኳ እሳቸው ደጃፍ ሲደርስ ሳላዘው ይቆማል።»

አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ በንቲ ግን ባርኔጣቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ጓድ፣ እኔ ከጎማ ሌላ የማውቀው የለም። ለዚህ የሚሆን ሰው ይፈለግ።»

«አብዮቱ የሠርቶ አደሩ ነው» አለ ካድሬው። «ጎማ የሚያውቅ ሰው ነው የምንፈልገው።»

«ቢሆንም ይቅርብኝ።»

«ሕዝብ ሲጠቁምዎት እምቢ ማለት ሕዝብን መናቅ ነው። ንቀዋል ልበል?»

ጋሽ በንቲ ዙሪያውን አዩ። «አልናቅሁም» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ማምለጫው አንድ ብቻ ነበር፤ እሁድ ሲመጣ እጅ ማጣት። ጥቆማውን አልቀበልም ማለት አይቻልም፣ መሸነፍ ግን አይከለከልም። እትዬ እልፍነሽ ይህ የገባቸው ከስብሰባው ወጥተው ቤት ሳይደርሱ ይመስለኛል። ሰኞ ጠዋት የሰፈሩን ቤት ሁሉ መዞር ጀመሩ። በግልጽ ቢዞሩ ምርጫ ማደናቀፍ ተብሎ የሚያስጠይቅ ነገር ስለሆነ ምክንያት ያስፈልጋቸው ነበር። ምክንያታቸው ወንፊት ነው። በየቤቱ ገብተው ወንፊት ይዋሳሉ፤ ወንፊቱን ታቅፈው ከመውጣታቸው በፊት የመጡበትን ይናገራሉ። እኛ ቤት የመጡት ማክሰኞ ነው። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እልፍነሽ፣ ያንቺ ወንፊት ምን ሆነ?» አለቻቸው።

«አለ፤ ምንም አልሆነም። ትናንት የተዋስኩትም አለ።» ዱካ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ባሌን አትምረጡብኝ።»

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ኧረ እኛ እኮ ስለምንወዳቸው ነው እንጂ...»

«ከወደዳችሁት እሁድ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ሌላ ምንም አልለምናችሁም። ሊቀመንበር ሆኖ በሰላም ያረጀ ሰው አሳይተሽኝ ታውቂያለሽ? በንቲ ሰው ላይ መጮህ አያውቅም፤ ያስተምሩታል። ሰው ማሰር አያውቅም፤ ያስተምሩታል። እኔ የተማረውን ምን ላድርገው?»

እኔ አፌ አያርፍም። «እትዬ፣ እሳቸው ካልተመረጡ የሚመረጠው አቶ ጥላዬ ነው። እኛስ?» አልኩ።

ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ለናንተ ብዬ ባሌን ላዋጣ?»

እናቴ «አንቺ ዝም በይ» አለችኝና እጃቸውን ያዘች። «ቃሌ ነው፣ እልፌ። እጄን አላወጣም።» እትዬ እልፍነሽ ወንፊታችንን ይዘው ወጡ። ሁሉም ቤት እንደዚሁ ቃል ተሰጣቸው። ሁሴን ጋ ሄደው «አንተም ፈረስህም እሁድ አርፋችሁ ተቀመጡ» ማለታቸውን ሰማን፤ ሁሴንም ጋሪው ላይ ቆሞ በአላህ ስም ምሎላቸዋል። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ዱቄት ለመንፋት የፈለገች ሴት ጋሽ በንቲ ቤት መሄድ ነበረባት።

እሁድ ሁሉም ለብሶ መጣ። ያ ነገር አሁን ይገርመኛል፤ ሰው ለማይፈልገው ምርጫ እንደ ሠርግ ለብሶ ይመጣ ነበር። ወንዶቹ የናይለን ሸሚዝና ኮት በዚያ ሙቀት፣ ሴቶቹ ነጠላና አዲስ ሻሽ፣ ልጆቹ ኮንጎ ጫማቸውን በውሃ አጥበው። ወንዶች ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሴቶች ከኋላ። ካድሬው ዓይኑን ሲያንከራትት እኔ ላይ አረፈ። «አንቺ አሥራ ሁለተኛን የጨረስሽው፣ ነይ እጅ ትቆጥሪያለሽ። ቆጣሪ አይመርጥም።» ወጥቼ ከመድረኩ ዳር ቆምኩ። ሦስቱ ተጠቋሚዎች ከእኔ ጎን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንዲቆሙ ተደረገ። ሰው ማን እንደመረጠውና ማን እንዳልመረጠው አይቶ ቂም እንዳይዝ ተብሎ ነው፤ እንደዚያ ነበር አሠራሩ። ስለዚህ ስብሰባው የሦስቱን ጀርባ ያያል፣ ሦስቱ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ያያሉ። ካድሬው ወረቀቱን ያያል። የሰውን ሁሉ ፊት የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለአቶ ጥላዬ ዘመዶቹና የእሱ ዱቤ ያለባቸው ሰዎች እጅ አወጡ። ለጡረተኛው ጥቂት አዛኞች። ቀጥሎ ካድሬው «ጓድ በንቲን የምትመርጡ» አለ።

ምንም። አንድ እጅ የለም። ሁሉም መዳፉን ጭኑ ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። እሰይ፣ ቃላቸውን ጠበቁ አልኩ በልቤ። ግን ዝምታው ረዘመ። የቆርቆሮው ጣራ በፀሐዩ ሲንጣጣ ይሰማል። ጋሽ በንቲ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ ኮሌታው አርጅቶ ተገልብጦ የተሰፋ ነጭ ሸሚዝ፣ ከኮሌታው በላይ የተላጨ ማጅራት፣ ማጅራቱ ላይ ላብ። ቀጥ ብለው የቆሙት ሰውዬ ትከሻቸው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። ካድሬው ቀና ብሎ «አንድ ሰው እንኳ የለም?» አለ። አነጋገሩ ላይ ትንሽ ሳቅ ነበረበት። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ፊቱ ተለዋወጠ፤ አንዱ ሌላውን ማየት ፈራ፣ ሁሉም መሬት መሬት አየ።

የመጀመሪያው እጅ ከኋላ፣ ከሴቶቹ በኩል ወጣ። ከዚያ የእናቴ እጅ። ከዚያ የሁሴን። እጃቸውን ቀጥ አድርገው እንኳ አላወጡትም፤ እስከ ጆሯቸው ብቻ፣ ጎረቤት እንዳያያቸው እንደሚሰርቅ ሰው። እያንዳንዱ ብቻውን ያወጣ መስሎታል። ሰውዬው በሕዝብ ፊት ባዶ ቀርተው እንዳያፍሩ፣ አንድ እጅ፣ የእኔ እጅ ብቻ ትውጣላቸው ብሎ። አንድ እጅ ማንን ያስመርጣል? ዓይናቸው መሬት ላይ ስለሆነ የሌላውን አላዩም። እኔ አያለሁ። አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ።

«ቁጠሪ እንጂ» አለኝ ካድሬው።

«ያላወጣውን ብቆጥር ይቀለኛል» አልኩት።

አጨበጨበ፤ ሰውም አጨበጨበ። ጋሽ በንቲ ሲዞሩ አንዳንዱ እጅ ገና አልወረደም ነበር። አዩት። እኔም ፊታቸውን አየሁ፤ ምን ፊት እንደነበር ግን ያኔም አልገባኝም፣ ለብዙ ዓመትም አልገባኝም።

ስንመለስ መንገድ ላይ እናቴን «ምን ነካሽ?» አልኳት። «ቃል ሰጥተሽ አልነበር?» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ባዶ እንዳይቀሩ ብዬ ነው» አለች። «ሌላው ያወጣል ብዬ መች አሰብኩ።» ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ጋሽ በንቲ ቤት ሄደ፤ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት ነው የተኬደው። ሰው ግን ገብቶ እንደ ለቅሶ ቤት ዳር ዳሩን ተደርድሮ ተቀመጠ። አንዱ «እንኳን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሁሴን ነው የደፈረው። «ጋሽ በንቲ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ ብቻዎን እንዳይቀሩ ብዬ ነው» አለ። ከጥግ አንዱ «እኔም» አለ። ሌላዋ «እኔም እንደዚሁ» አለች። እንደዚያ እየተባባሉ ሲሄዱ ሁሉም የሠሩትን በአንድ ጊዜ አወቁ። ጋሽ በንቲ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» ይላሉ። እትዬ እልፍነሽ ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ቆመው ለእያንዳንዷ ሴት ወንፊቷን ሰጧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ብሎ የሆነ ነገር ነው። ሽጉጥ ሰጧቸው፤ በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ይዞራሉ፣ ምሳ የያዙ ነበር የሚመስሉት። ብስክሌት ቤቱ ግማሽ ቀን፣ ኋላም ጨርሶ ተዘጋ። ክፉ ሊቀመንበር አልነበሩም፤ ነበሩ ብሎ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። እኛ ቤት ረቡዕ ረቡዕ መስኮት ዘግተን የጴንጤ መዝሙር እንዘምር ነበር፤ በዚያን ጊዜ የእኛን እምነት ሰዎች ምን እንደሚያደርጓቸው የሚያውቅ ያውቃል። ጋሽ በንቲ በብስክሌት ሲያልፉ ደወላቸውን ያቃጭላሉ። ድምፃችሁ ወጣ ማለት ነው። እናቴ ወዲያው ዝቅ ታደርጋለች። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲመጣ እትዬ እልፍነሽ የሊቀመንበር ሚስት ቀደመች እንዳይባሉ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማሉ፤ ስንት ጊዜ አልቆ ባዶ ዘንቢል ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ። ግን ጋሽ በንቲ መጮህ ተማሩ። በስብሰባ ላይ «ጓዶች» ሲሉ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። ሰውም ሲያያቸው ጨዋታ ያቆማል። ስሙኒ የሌላቸው ልጆች መንገድ ይቀይራሉ። የሁሴን ፈረስ ብቻ እዚያ የተዘጋ በር ጋ ሲደርስ ይቆም ነበር፤ ሁሴን በአለንጋ ነው የሚያሳልፈው።

ብሔራዊ ውትድርና የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከየቀበሌው ወጣት አቅርቡ ተባለ። በየቤቱ ልጅ መደበቅ ተጀመረ፤ ወንጂ አገዳ ውስጥ፣ መቂ አጎት ጋ፣ ቢሾፍቱ አክስት ጋ። እናቶች ጋሽ በንቲ ደጃፍ ተሰበሰቡ። አንዷ በፊታቸው እንዲህ ስትል እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፦ «እኛ የመረጥንዎት እኮ ለዚህ ቀን ነው። ልጆቻችንን እንዲሸሽጉልን ነው።» ሰው እንዴት ይረሳል? ለምን እንደመረጣቸው እንኳ ረስቶ ነበር። ጋሽ በንቲ በማግስቱ ስብሰባ ጠርተው ተነሱ። ድምፃቸው የድሮው ሆኖ ነበር። «የመጀመሪያው ደረጀ በንቲ ነው» አሉ። «ከእሱ በፊት የማንንም ልጅ አልጠራም።» እትዬ እልፍነሽ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ተነስተው ወጡ፤ ሲሄዱ አንድ እግራቸው ጫማ አልነበረበትም።

ደረጀን ፓስቲ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። «ሽሽ» አልኩት። «ሞጆ አክስት አለችህ አይደል? ዛሬውኑ ሂድ።»

«ሸሽቼ አባቴን ይሰሩት?»

«አባትህ እንደሆነ አንተን ሰጥቶሃል።»

ሳቀ። «አንቺ ግን አፍሽ፣ ሳራ። የሌላ ሰው ልጅ ልኮ እኔን ቢያስቀምጠኝ በዚህ ሰፈር ብስክሌት የምነዳ ይመስልሻል?» ፓስቲውን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። መኪና መጥቶ የወሰዳቸው ቀን ከካርጎው ላይ ሆኖ ያለኝ «የቀዩ ብስክሌት ሰንሰለት ላልቷል፣ ንገሪልኝ» ነው። ነገርኩ። ሌላ የሚባል ነገር ነበረን፤ ሁለታችንም አላልነውም። አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የመጣ የለም፣ አለ ብሎም የመጣ የለም።

ቀጥሎ የሌሎቹም ልጆች ሄዱ፤ የራሱን ልጅ ለሰጠ ሰው ምን ብሎ እምቢ ይባላል? ልጁ የሄደበት ጋሽ በንቲን ጠላቸው። ልጁን የደበቀው ደግሞ ፈራቸው። እትዬ እልፍነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ቤት ደፍ አልረገጡም። መንገድ ላይ ሲያገኙን አንገታቸውን ሰብረው «ደህና ናችሁ» ይላሉ፤ እንደ እንግዳ። ዘመኑ ሲያልፍ ጋሽ በንቲን ከሌሎቹ ሊቀመናብርት ጋር ለጥቂት ወራት አሰሯቸው። በደለኝ ብሎ የከሰሳቸው ሰው ስላልነበረ ፈቷቸው፤ ደግ ሰው ናቸው ብሎ የመሰከረላቸውም አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ ሌላው ይሄዳል ብሎ ተቀመጠ። ቤታቸውን ዘግተው ወደ መቂ ሄዱ። እትዬ እልፍነሽ እዚያ አረፉ፤ እኛ የሰማነው ከተቀበሩ ወር ካለፈ በኋላ ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ዋለች።

እኔ አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ልጆች አሳድጌ ሽንኩርት ነጋዴ ሆኛለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ሥራው ይስማማኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት መቂ ሽንኩርቴን እያስጫንኩ ሳለ ደላላው ከኋላዬ «ለበንቲ ንገሯቸው፣ የፓምፑ ጎማ ተቀዷል» ሲል ሰማሁ። ሄድኩ። ግራር ሥር፣ ሸራ በተወጠረበት ቦታ፣ ሸምግለው አልቀው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው የመስኖ ቱቦ እየለጠፉ አገኘኋቸው። «አካም ጂርቱ» ብዬ ሰላም ስላቸው ቀና ብለው ብዙ አዩኝ።

«ብስክሌት ነጂዋ» አሉ። «ኢንተላ ኮ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ስለ ዋጋ፣ ስለ ዝናብ አወራን። ስለ እትዬ አጽናንቻቸው፣ ዘግይቼም ቢሆን። ቱቦውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደያዙ ድንገት «ወንፊት ይዛ የዞረችው እኔ ልኬያት ነው» አሉኝ።

«ገምቼ ነበር» አልኩ።

«ይህን ግን አልገመትሽም። ያን ቀን ግድግዳው ጋ ቆሜ ዝም ስትሉ፣ ተመስገን ማለት አልነበረብኝም? የፈለግሁት እሱን አይደል? አላልኩም። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ኖሬ አንድ ሰው ልጣ አልኩ። ከዚያ ልብሳችሁ ኮሽ ሲል ሰማሁ። ዞሬ እጃችሁን አየሁ። ደስ አለኝ፣ ሳራ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ቱቦውን አገላበጡት። «ደረጀን የከፈልኩት ለዚያ ደስታ ነው።»

የሽንኩርት መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፤ ሹፌሩ እየጠራኝ ነው። ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ ፊት ለፊት ነበርሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሷን መጠየቅ እየፈራሁ ሞተችብኝ። እልፍነሽ እጇን አውጥታ ነበር?»

«አውጥተዋል» አልኳቸው።

«ከሌላው ጋር?»

«ከሌላው በፊት። ካድሬው አንድ ሰው እንኳ የለም ሲል መጀመሪያ የወጣው እጅ የእትዬ ነው። ሌላው የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።»

ጣታቸው ላይ የደረቀውን ማስቲሽ ይልጡ ጀመር።

«እሷም ባዶ እንዳልቀር ፈርታልኝ ነበር በያ» አሉ። «እኔ ደግሞ በደረጀ ትወቅሰኛለች ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ፊቷን ቀና ብዬ ሳላያት።»